ደብተሬን ለጠላት አሳልፌ ሰጠሁ

እሷ፦ ሰላም ሰላም! ዛሬ እንግዳ የለንም። ደብተር ነው ያለን። ሰማያዊ፣ ጥጉ የተላጠ፣ ሽፋኑ ላይ በትልቁ «ምስጢር» ተብሎ የተጻፈበት።

እሱ፦ ምስጢርነቱ ዛሬ አበቃ።

እሷ፦ ነገሩን ለአድማጮች እናስረዳ። ጀማሪ ጸሐፊ ላይ ሙድ እንያዝ ብለን ተስማማን። ከዚያ የማን ጽሑፍ ላይ የሚለው ጥያቄ መጣ።

እሱ፦ የሰው ለማንሳት ሞከርኩ፣ ከበደኝ። ሰውዬው እንቅልፉን አጥቶ ጽፏል፣ እኛ ማይክ ይዘን ልንስቅበት። ነውር ነው። ስለዚህ በ19 ዓመቴ የጻፍኩትን አመጣሁ። ባለቤቱ ፈቅዷል።

እሷ፦ ባለቤቱ አልቦታል ግን። እሺ፣ የመጀመሪያው ገጽ። ርዕስ፦ «የሕይወት ጉዞ በሕይወት ጎዳና ላይ»።

እሱ፦ ሁለት ሕይወት። አንዱ ቢያልቅ ብዬ።

እሷ፦ (እየሳቀች) «እንደሚታወቀው የሰው ልጅ ከተፈጠረበት ጊዜ አንስቶ እስከ አሁኗ ደቂቃ ድረስ…» ቆይ፣ ጽሑፉ ስለምንድን ነው?

እሱ፦ ስለ ዝናብ። መንገድ ላይ ዝናብ መታኝ፣ በሸቅኩ፣ ቤት ገብቼ ጻፍኩ።

እሷ፦ ታዲያ የሰው ልጅ አፈጣጠር ምን ቤት ነው?

እሱ፦ ያኔ ከአዳም ካልተነሳሁ የጻፍኩ አይመስለኝም ነበር። ዝናቡ አራተኛው ገጽ ላይ ይመጣል፣ ታገሺ።

እሷ፦ ደግሞ «እንደሚታወቀው»! ከታወቀ ለምን ትነግረኛለህ?

እሱ፦ ጉሮሮ መጥረጊያ ነው እኮ። ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ «እህ እህ» እንደሚለው። ልዩነቱ፣ መድረክ ላይ ማንም ጉሮሮህን አይመዘግብልህም። ወረቀት ላይ ግን ይቀራል።

እሷ፦ ይቺን ስማ። «ጥቁሩ የሐዘን ደመና በልቤ አድማስ ላይ የተስፋዬን መርከብ በትዝታ ሰይፍ ነቀነቀው።»

እሱ፦ ወይኔ።

እሷ፦ ማን ነው የነቀነቀው?

እሱ፦ ደመናው።

እሷ፦ በሰይፍ? መርከብን? ሰይፍ ይቆርጣል፣ ይወጋል፣ መቼ ነው የሚነቀንቀው? መርከብ ግን አይተህ ታውቃለህ?

እሱ፦ በሥዕል። ሰይፍም በሥዕል ነው። ያየሁት ደመናውን ብቻ ነበር፣ እሱንም ጥቁር አልኩት እንጂ ግራጫ ነበር።

እሷ፦ ኧረ በናትህ! አራተኛው ገጽ። «በርካታ ሕፃናቶች፣ መምህራኖችና አዕዋፋቶች በዝናብ ሲመቱ ዋሉ።»

እሱ፦ እዚህ ጋ ሒሳብ አለ። ሕፃናት ብዙ ናቸው፣ ሕፃናቶች ብዬ እንደገና አበዛኋቸው። መምህራንም እንደዚያው።

እሷ፦ አዕዋፋቶች ግን ሪከርድ ነው። ዖፍ ስትበዛ አዕዋፍ። አዕዋፍ ስትበዛ አዕዋፋት። አንተ «ኦች» ጨመርክባት። አንዲት ወፍ ሦስት ጊዜ በዛች።

እሱ፦ ሰማዩን ሞልተውት ነበር፣ ምን ላድርግ።

እሷ፦ ከላይ ደግሞ ቀኑን «በ2003 አመተ ምሕረት» ብለህ ጽፈሃል። በአልፋው አ። አመት በአልፋው አ ግዕዙ ገረድ ማለት ነው። ስለዚህ በምሕረት ገረድ ነው የጻፍከው።

እሱ፦ ወራጅ አለ!

እሷ፦ አልጨረስኩም። «ጸሐይ ሰረቀች» ትላለህ። የምትወጣዋ ፀሐይ በንጉሡ ሠ ነበር የምትሠርቀው። በእሳቱ ሰ ስትጽፋት ሌባ ሆነች።

እሱ፦ እዚህ ላይ እከራከራለሁ። ስንናገር ድምፁ አንድ ነው፣ አንባቢም ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ፊደል እያሳደዱ ሰው ማሸማቀቅ ደስ አይለኝም። እኔም እስከ ዛሬ እሳስታለሁ።

እሷ፦ እኔም እሳስታለሁ፣ እሱን ልተውልህ። ሌባዋ ግን አስቃኛለች። አራት ነጥብህስ? እዚህ ጀምሬ… (ገጽ ትገልጣለች) …እዚህ ድረስ አንድም የለም። ከዚያ በአምስት ቃለ አጋኖ ይዘጋል።

እሱ፦ አራት ነጥብ ካስቀመጥኩ ሐሳቡ የሚያልቅብኝ ይመስለኝ ነበር። ቃለ አጋኖው ደግሞ… አንባቢው እንዳይተኛ መቀስቀሻ ነው።

እሷ፦ ተኝቶ ነበር ማለት ነው።

እሱ፦ ከ«እንደሚታወቀው» ጀምሮ።

እሷ፦ ላጽናናህ። ስለ ዝናብ ጽፎ የተሳቀበት አንተ ብቻ አይደለህም። ኤድዋርድ ቡልወር ሊተን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 ያሳተመው ልብ ወለድ «ጨለማና ወጀብ የበዛበት ሌሊት ነበር» ብሎ ይጀምራል።

እሱ፦ ምን አለበት? ጥሩ ነው እኮ።

እሷ፦ እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አላቆመም። ዝናቡ በኃይል ይወርዳል ይላል፣ ነፋስ አልፎ አልፎ ሲያቋርጠው ካልሆነ በቀር ይላል፣ ከዚያ ነፋሱ መሐል በቅንፍ ይገባና ታሪኩ ለንደን ውስጥ ነው ይልሃል፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ወደ መብራቱ። ይኼ ሁሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

እሱ፦ ዘመዴ ነው!

እሷ፦ እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በስሙ ውድድር ተጀመረ። ላልተጻፈ ልብ ወለድ እጅግ የከፋውን መክፈቻ የጻፈ ያሸንፍ ነበር።

እሱ፦ ምነው ሳልሰማ! ያቺ መርከብ ትሸለም ነበር።

እሷ፦ የሚገርምህ ግን «ብዕር ከሰይፍ ይበረታል» የሚለውም አባባል የራሱ የሰውዬው ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ቴአትር ላይ ጻፈው።

እሱ፦ እሱም ሰይፍ ይወድ ነበር ማለት ነው። ቢያንስ ግን አልነቀነቀበትም።

እሷ፦ ወደ አንተ እንመለስ። መጨረሻህ ላይ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? «ስለዚህ ሁላችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን ይህንን ችግር ከምንጊዜውም በላይ በጋራ ልንከላከለው ይገባል!!!!!»

እሱ፦ (ፊቱን ሸፍኖ) ዝናብን።

እሷ፦ ዝናብን! እጅ ለእጅ ተያይዘን!

እሱ፦ እጅ ለእጅ ከተያያዝን ጃንጥላውን ማን ይይዛል?

እሷ፦ (ለትንሽ ጊዜ መናገር አቅቷት) እሺ… እሺ። አሁን ሳልስቅ አንድ ነገር ላንብብ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ የሰረዝከው አለ። ታያለህ? ከሥሩ ግን ይነበባል። «እርጥቡን ካልሲዬን ጋዜጣ ላይ አሰጣሁት። ጠዋት ሳነሳው የአንድ ሰውዬ ጆሮና ክራባት ተረከዙ ላይ ታትሟል። ሌላ ስላልነበረኝ እሱኑ አጠለቅኩ።»

እሱ፦ እሱን ረስቼዋለሁ።

እሷ፦ ከደብተሩ ሁሉ ሁለቴ ያነበብኩት ይኼን ብቻ ነው። ለምን ሰረዝከው? ጠርዙ ላይ «ተራ» ብለህ ጽፈሃል።

እሱ፦ ሼም ነዋ። ጓደኞቼ ስለ ነፍስ ይጽፋሉ፣ እኔ ስለ ካልሲ ልጽፍ? አንድ ካልሲ እንዳለኝ ይታወቅብኛል ብዬ ሁሉ ፈርቼ ይሆናል። መርከቡ ደግሞ ደህና አድርጎ ይሸፍናል።

እሷ፦ በምን እንደተካኸው ላንብበው?

እሱ፦ ተይ።

እሷ፦ «የነፍሴ ጫማ በትዝታ ዶፍ ራሰ።»

እሱ፦ ዝጊው።

እሷ፦ ነፍስህ ስንት ቁጥር ነው የምታደርገው?

እሱ፦ ዝጊው አልኩሽ! በሚቀጥለው ሳምንት ያንቺን ደብተር ነው የምናነበው።

እሷ፦ የእኔን አቃጥዬዋለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። ሰውዬው ግን ማን ነበር?

እሱ፦ የቱ?

እሷ፦ ካልሲው ላይ ያለው።

እሱ፦ እኔ እንጃ። ክራባት አስሯል፣ ትልቅ ሰው መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ ስረግጠው ዋልኩ።