ቧንቧው የማን ነው?

እንደምን ዋላችሁ፣ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ላወራችሁ የመጣሁት ስለ ቀላል ነገር ነው። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሲጠማው፣ ሳይከፍል የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ ማግኘት አለበት። በመናኸሪያ፣ በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤት፣ በመናፈሻ፣ በስታዲየም፣ ወረፋ ይዘን ግማሽ ቀን በምንቀመጥበት ቢሮ ሁሉ። ይህን የሚቃወም ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁሉም "ልክ ነው" ይላል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቧንቧ መትከል ብዙም አይከብድም። ይተከላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። እስቲ ከጥቂት ወራት በኋላ ሄዳችሁ እዩት። ውሃውን የሚለቀው ቁልፍ አንዴ ከተጫነ አይመለስም፣ ወይ ጭራሽ አይጫንም። ጎሚኒው አልቆ ቀን ከሌት ያንጠባጥባል። የፍሳሹ ቀዳዳ በሶፍትና በጭቃ ስለተደፈነ ከሥሩ ኩሬ ተጠራቅሟል። ሰው መጥቶ ያያል፣ ጫማውን ያያል፣ ይመለሳል። ውሃው ምንም ላይሆን ይችላል እኮ! ግን ሰው የውሃውን ንጽሕና የሚለካው በሚያየው ነገር ነው፣ የሚያየው ደግሞ ወለሉን ነው። ስለዚህ ቧንቧው "አይጠጣም" ይባላል። ትንሽ ቆይቶ እጅ መታጠቢያ ይሆናል፣ ከዚያ ይዘጋል።

ያንን ጎሚኒ ለመቀየር የደቂቃዎች ሥራ ይበቃል። ግን ማን ይቀይረው? የጽዳት ሠራተኛዋ የእኔ ሥራ አይደለም ትላለች፣ እውነቷን ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ትእዛዝ ይጠብቃል። አስተዳደሩ የውሃ መሥሪያ ቤቱን ይጠብቃል። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእናንተ ነው ብሎ ይመልሳል። ሁሉም ሲጠብቅ የተጠማው ሰው ይሄዳል። እኔ የምለው ይኸው ነው፦ ነጻ ውሃ ከአደባባይ የሚጠፋው ባለቤት ስለሚያጣ ነው።

ውሃው ራሱ የሌለባቸው ቦታዎች እንዳሉ አልረሳሁም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዳሉት እ.ኤ.አ. በ2022 ደኅንነቱ የተጠበቀ የመጠጥ ውሃ አገልግሎት የማያገኙ ሰዎች 2.2 ቢሊዮን ነበሩ። ያ የራሱ ትልቅ ትግል አለው። እኔን ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ነው፤ ውሃው እስከ ሕንፃው ድረስ መጥቶ፣ ሽንት ቤት ውስጥ እየፈሰሰ፣ አትክልት እየጠጣው፣ ለሰው ጉሮሮ ብቻ የማይደርስበት ቦታ።

ገንዘብ ያለው የታሸገ ውሃ ገዝቶ ይገላገላል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆመው የጥበቃ ሠራተኛስ? መንገድ የምትጠርገዋ እናት? ልጇን ይዛ ከጠዋት ጀምሮ የሐኪም ቤት ወረፋ የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር? ክኒኑን በደረቁ የሚውጥ በሽተኛ? እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፣ ጥሙን ችለው ይውላሉ። ለአዛውንቶች ደግሞ ይብሳል፣ ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ራሱ ስለሚደክም ሰውነት ውሃ እያነሰው ሰውየው ላያውቀው ይችላል፣ ውሃው ዓይኑ ፊት ካልሆነ ፈልጎ አይሄድም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአዋቂ ሴት በቀን 2 ሊትር፣ ለወንድ 2.5 ሊትር ውሃ ይመክራል፣ ከምግብ የሚገኘውም ተቆጥሮ። ያውም ሙቀቱ መካከለኛ በሆነበት ቀን። በሐሩር እየሠራ ለሚውል ሰው ይህ የት ይበቃዋል!

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የኮሌራ ወረርሽኝን ተከታትሎ ብሮድ ስትሪት ላይ ከነበረ አንድ የእጅ ፓምፕ ከሚቀዳ የተበከለ ውሃ ጋር አያያዘው። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1859፣ እዚያው ከተማ ለሕዝብ ነጻ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ የሚተክል ማኅበር ተቋቋመ፣ የመጀመሪያውንም ቧንቧ በዚያው ዓመት ከፈተ። ፓሪስ ደግሞ በጦርነት ከተከበበች በኋላ ውሃ ችግር ሆኖ ነበርና ሪቻርድ ዋላስ የሚባል ባለጸጋ በ1872 በራሱ ወጪ የመጠጥ ውሃ ምንጮች አስተከለ። አራት ሴቶች ጉልላት የተሸከሙበት ሐውልት ነው፣ ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ትምህርት አለ። እነዚያ የድሮ ቧንቧዎች በሰንሰለት የታሰረ ኩባያ ነበራቸው። ሺህ ሰው በአንድ ኩባያ ይጠጣ ነበር! በሽታ ከአፍ ወደ አፍ እንደሚተላለፍ ሲታወቅ ኩባያው ይነሣ ተባለ። አሜሪካ ውስጥ የካንሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1909 የጋራ ኩባያን ከለከለች። የፓሪሶቹ ኩባያ እስከ 1952 ቆየ። ኩባያው ተነሣ፣ ውሃው ግን አልተቋረጠም። ጉድለት ሲገኝ የሚያስተካክል ሰው ስለነበር ነው። እኛ ጉድለት ስናገኝ መዝጋት ይቀናናል።

ሮምን ደግሞ እዩ። እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ መንገድ ላይ የተተከሉ፣ አፍንጫ የመሰለ ቱቦ ያላቸው የብረት ቧንቧዎች አሏት፣ ቁጥራቸው ወደ 2,500 ይጠጋል። ቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ጫፉን በጣታችሁ ስትደፍኑት ውሃው በቀዳዳዋ ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ ጎንበስ ሳትሉ ትጠጣላችሁ። ሲያዩት እንዴት ደስ ይላል! እርግጥ ውሃው ያለማቋረጥ ነው የሚፈሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ድርቅ ሲመታቸው ብዙዎቹን መዝጋት ጀምረው ነበር። ስለዚህ ያንን ገልብጡ አልልም፣ ውሃ በሚያጥርበት ቦታ ተጭኖ በራሱ የሚዘጋ ይሻላል።

"ሰው ያበላሸዋል" የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ የሚያበላሽ አይጠፋም። የመብራት ምሰሶም ይሰበራል፣ ግን መንገዱን ጨለማ አድርገን አንተወውም፣ እንጠግናለን። "ሽንት ቤት ያለው የእጅ መታጠቢያ አይበቃም?" የሚሉም አሉ። አይበቃም። እዚያ ቆሞ መጠጣት ደስ የሚለው ሰው የለም፣ ጠርሙስም ከሥሩ አይገባም።

አሁን ወደ ሥራው። ቦታ ስትመርጡ ሰው ቆሞ የሚጠብቅበትን ምረጡ እንጂ የተረፈ ጥግ አትስጡት። አንዱ አፍ ዝቅ ይበል፣ ለሕፃንና ዊልቸር ላይ ላለ ሰው። ጠርሙስ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ክፍተት ይኑረው። ለፍሳሹ ከቧንቧው እኩል አስቡ፣ እንዲያውም ይበልጥ አስቡ፣ ምክንያቱም ቧንቧውን የሚገድለው ያ ኩሬ ነው።

ውሃው ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ ተኝቶ ካደረ ክሎሪኑ ይቀንሳል፣ አሮጌ ቱቦ ከሆነ ብረትና እርሳስም ሊለቅበት ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ከመከፈቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ይፍሰስ፣ ያንንም ውሃ ለጽዳት ያዙት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በክሎሪን የታከመ ውሃ ጠጪው ጋ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ሊቀርበት ይገባል ይላል። መለኪያው ትንሽ ዕቃ ናት፣ ማንም ሰው ተምሮ ይሠራባታል። ማጣሪያ ከገጠማችሁ በወቅቱ ቀይሩት፣ ያልተቀየረ ማጣሪያ ራሱ የባክቴሪያ ቤት ይሆናል። ታንከርም እንደዚያው፣ ክዳኑን ከፍቶ የሚያይ ሰው ይፈልጋል።

ሕጉንስ? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2010 ንጹሕ ውሃ ማግኘት ሰብአዊ መብት መሆኑን አውቋል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ዜጎች ፈርመው ስለጠየቁ፣ የኅብረቱ የ2020 (እ.ኤ.አ.) የመጠጥ ውሃ መመሪያ አባል አገራት በሕዝብ ቦታዎች የመጠጥ ቧንቧ እንዲተክሉ ይላል። ደስ ይላል። ሆኖም ወረቀት ጎሚኒ አይቀይርም።

እኔ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሕንፃ የምታስተዳድሩ፣ ትምህርት ቤት የምትመሩ፣ መናኸሪያ የምትይዙ ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ ቧንቧ በላይ አንድ ሰሌዳ ለጥፉ። "ይጠጣል" ይበል። የኃላፊው የሥራ ድርሻና የሚደወልበት ስልክ ይኑርበት። መጨረሻ የተመረመረበት ቀን ይጻፍበት። የጥገናው ገንዘብ በየዓመቱ በጀት ውስጥ በራሱ ስም ይቀመጥ፣ ከ"ልዩ ልዩ" ሥር አይደበቅ። የሚያጥበው ሰው ይህ ሥራው መሆኑ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይስፈርለት፣ ሰዓትም ይሰጠው፣ በሌላው ሥራው ላይ እንዲሁ አይደረብበት።

የሰሌዳውን ናሙና ይዤ መጥቻለሁ፣ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ውሰዱ። ቧንቧ ያላችሁ እዚያው መዝገቡ ላይ የቦታውንና የኃላፊውን ስም ጻፉልን፣ በሚቀጥለው ወር ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር መጥተን አብረን እናየዋለን።