ልጥ የሚልጠው እንግዳ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ደዋዮች ከብሪታንያ ናቸው። ጥያቄያቸው ዛፍ ላይ ስለሚኖረው፣ ጅራቱ ጎፈሬ ስለሆነው ትንሽ እንስሳ፣ ስለ ግራጫው ስኩዊረል ነው፤ የደን ባለሙያችን ይመልሳል።

«ለንደን ነኝ። ልጆቼ ፓርክ ውስጥ ኦቾሎኒ ያበሉታል። ዛፍ ይገድላል ሲሉ ሰማሁ። ይቺ ሚጢጢ ነገር?»

አዎ እህቴ፣ ይቺው ሚጢጢ። ብዙዎቻችን ሽኮኮ እንላታለን እንጂ የአገራችን ሽኮኮ ሌላ ነው። እሱ ገደል ላይ የሚኖር፣ ጅራት አልባ የዝሆን ዘመድ ነው።

ጉዳቱ ፍሬ በመብላቱ አይደለም፤ ልጥ በመላጡ ነው። ቅጠል የሠራው ስኳር ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ በታች ባለው ስስ ልጥ ነው። ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ መንገዱ ተዘጋ። ከተላጠው በላይ ያለው ይደርቃል። ባይደርቅም በቁስሉ ፈንገስ ይገባና እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ነፋስ ይጨርሰዋል። በብዛት የሚጠቁት ከ10 እስከ 40 ዓመት የሆናቸው ዛፎች ናቸው፤ በተለይ ቢች፣ ኦክና ሲካሞር የሚባሉት። ወቅቱ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁላይ ነው። ለምን እንደሚልጥ ባለሙያዎች ገና ይከራከራሉ፤ ካልሲየም ፍለጋ ነው የሚሉም አሉ።

እንስሳው የሰሜን አሜሪካ ነው። በ1876 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ቼሺር በሚባል አውራጃ ውስጥ፣ ሄንበሪ ፓርክ ተለቀቀ። ያኔ ለጌጥ ነበር።

«ፍሬ ይቀብር የለ? የረሳው ይበቅላል። ታዲያ ዛፍ እየተከለልን አይደለም?»

አንዳንዱ ይበቅላል። ግን ተንኮለኛ ነው፤ የኦክ ፍሬ ከመቅበሩ በፊት የሚበቅለውን ጫፍ ነክሶ የሚጥልበት ጊዜ አለ። እንዳይበቅልና ምግቡን እንዳያጣ ነው።

«የድሮው ቀዩ ስኩዊረልስ የት ገባ?»

ግራጫው ምግቡን ተሻማው። ፈንጣጣም አመጣበት፤ ግራጫው ራሱ ሳይታመም የሚሸከመው ቫይረስ ቀዩን ይገድላል። ደስ የሚለው ወሬ ግን ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ነው። ፓይን ማርተን የሚባል፣ ድመት የሚያህል አዳኝ በተመለሰባቸው ደኖች ግራጫው ቀንሶ ቀዩ አገገመ። ቀዩ ከአዳኙ ጋር አብሮ የኖረ ስለሆነ ጠረኑን ሲሸት ይጠነቀቃል። እንግዳው ምን አውቆ! እኔ ከወጥመድና ከጥይት ይልቅ በዚህ አዳኝ ነው ተስፋ የማደርገው። ችግሩ የዶሮ ቤት በደንብ ካልተዘጋ እዚያም ይገባል።

«ሊድስ ነኝ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል። ጣሪያዬ ውስጥ ገብቶ አስቸገረኝ። ወጥመድ ገዛሁ። ይዤው ሩቅ ጫካ ብለቀውስ?»

አይሆንም አባቴ። የተያዘ ግራጫ ስኩዊረል መልሶ መልቀቅ በዚያ አገር ሕግ ክልክል ነው። ከያዙት ያለ ሥቃይ መገደል አለበት፤ ውኃ ውስጥ መድፈቅ ደግሞ ራሱ ወንጀል ነው። ስለዚህ ወጥመዱን ገና ካላጠመዱት ይተዉት። የገባበትን ቀዳዳ ይፈልጉ፣ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ያስቆርጡ። ከዚያ ውስጥ ማንም እንደሌለ፣ ግልገልም እንደሌለ አረጋግጠው በብረት መረብ ያስደፍኑት። ፕላስቲክ አይሞክሩ፣ ይበጥሰዋል።