ስምንቱንም ተሸንፎ 18 ሚሊዮን ዩሮ

ማህሌት፦ ዛሬ ስለ ሽልማት ገንዘብ ነው የምናወራው። ዮኒ፣ ቅድም የጀመርክልኝን የስሎቫን ብራቲስላቫን ነገር ንገራቸውማ።

ዮናስ፦ እሺ። በ2024/25 ሻምፒዮንስ ሊግ የስሎቫኪያው ስሎቫን ስምንት ጨዋታ ተጫውቶ ስምንቱንም ተሸነፈ። አንድ ነጥብ እንኳ የለውም። ግን ውድድሩ ውስጥ ስለገባ ብቻ 18.62 ሚሊዮን ዩሮ ተከፍሎታል። በዚያው ዓመት ሦስተኛውን የአውሮፓ ውድድር፣ ኮንፈረንስ ሊግን ማን በላ?

ማህሌት፦ ቼልሲ። ቤቲስን 4 ለ 1።

ዮናስ፦ በይ ደምሪው። የመግቢያ 3.17 ሚሊዮን፣ በሊጉ ዙር ስድስቱንም ጨዋታ ሲያሸንፍ ለእያንዳንዱ 400 ሺህ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጥሎ ማለፍ አልፎ ፍጻሜ ደርሶ ዋንጫውን እስኪያነሳ ያለውን ሁሉ ጨምሪበት፤ ወደ 17.5 ሚሊዮን ነው የሚመጣው። ለሁለቱም በደረጃቸውና በክለቡ ስም የሚታሰበውን ሳንቆጥር ነው።

ማህሌት፦ ዋንጫ ያነሳው አንድም ነጥብ ካላገኘው አነሰ እያልከኝ ነው?

ዮናስ፦ አዎ! የአውሮፓ እግር ኳስን የሚመራው ዩኤፋ በየዓመቱ ለተሳታፊ ክለቦች የሚያከፋፍለው 3.3 ቢሊዮን ዩሮ አካባቢ ነው። ሻምፒዮንስ ሊግ ከነሱፐር ካፑ 2.467 ቢሊዮኑን ይወስዳል። ለዩሮፓ ሊግ 565 ሚሊዮን፣ ለኮንፈረንስ 285 ሚሊዮን ይቀራል። በሦስቱም ውድድር ላይ ያሉት ክለቦች ግን እኩል 36 ናቸው።

ማህሌት፦ ቆይ ግን፣ ቴሌቪዥኑም ስፖንሰሩም የሚከፍለው እኮ ሪያል ማድሪድንና ባየርንን ለማሳየት ነው። ገንዘቡን ያመጣው ውድድር ብዙ ቢወስድ ምን ችግር አለው?

ዮናስ፦ ብዙ መውሰዱን አልቃወምም። መጠኑን ነው የምቃወመው። ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ አንድ ጨዋታ ስታሸንፊ 2.1 ሚሊዮን ነው፣ ዩሮፓ ላይ 450 ሺህ። አራት ጊዜ አሸንፈሽ አንዷን አትደርሺባትም። ደግሞ ከሻምፒዮንስ ሊጉ ገንዘብ 35 በመቶው የሚከፋፈለው በዘንድሮ ውጤት አይደለም፤ ክለቡ ባለፉት ዓመታት አውሮፓ ላይ ባስመዘገበው ውጤትና በአገሩ የቴሌቪዥን ገበያ ነው። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይሄ ነው።

ማህሌት፦ ለዚህ ነዋ በ2025ቱ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቢልባኦ ላይ ቶተንሃምና ማንቸስተር ዩናይትድ እንደዚያ የተጨነቁት። አንዱ በፕሪሚየር ሊጉ 17ኛ፣ ሌላው 15ኛ ሆነው ነው የጨረሱት። ፍጻሜውን ላሸነፈው 13 ሚሊዮን ዩሮ ነው፤ አሸናፊው አብሮ የሚያገኘው የቀጣዩ ዓመት የሻምፒዮንስ ሊግ ትኬት ግን ገና በር ላይ ከዚያ ይበልጣል። ቶተንሃም ከ2008 ጀምሮ እስከዚያ ቀን ዋንጫ ያላየ ክለብ ነበር፣ ሲያሸንፍ ደጋፊው በዋንጫው አለቀሰ፣ ወሬው ግን በማግስቱ ስለ ትኬቱ ሆነ። ይሄ ያናድደኛል።

ዮናስ፦ እኔን የበለጠ የሚያናድደኝ የአገር ውስጡ ሊግ ነው። ስሎቫን ያኔ የስሎቫኪያን ሊግ በተከታታይ ሰባት ዓመት የበላ ክለብ ሆኗል። እዚያ ላይ 18 ሚሊዮን ስትጨምሪለት እነ ዚሊናና ትርናቫ፣ የዚያው ሊግ ክለቦች፣ በምን ይወዳደሩታል? ጥሩ ልጅ ባወጡ ቁጥር በደመወዝ አይችሉትም።

ማህሌት፦ ለማይሳተፉት የሚሰጥ ገንዘብ አለ አይደል?

ዮናስ፦ አለ፣ ወደ 308 ሚሊዮን። ግን ለመላው አውሮፓ ነው፤ በአገር፣ ከዚያ በክለብ ሲካፈል ምን ይቀራል? እኔ ቢሆን ከዚያ 35 በመቶ ላይ ቀንሼ ለሁለቱ ትንንሽ ውድድሮች የመግቢያ ክፍያ አደርገው ነበር።

ማህሌት፦ ትልልቆቹ ይስማማሉ?

ዮናስ፦ አይስማሙም። ከዩኤፋ ወጥተን የራሳችንን ሱፐር ሊግ እንመሠርታለን ብለው በ2021 ያስፈራሩት እነሱ ናቸው፣ ዩኤፋም ያንን አልረሳም።