ዲሲ ወይስ ውድብሪጅ? የሠርጉ ቤት ብርጭቆዎች

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! ቡናችሁን ያዙ፤ የዛሬው ያከራክራል። ባለፈው ስለ ቤት ኪራይ ስናወራ ኮመንቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። «ዲሲ ወንጀል በዝቷል፤ ከዲሲ ውጣ፣ ሜሪላንድ ግባ፣ ቨርጂንያ ግባ፣ በሰላም ኑር።» እሺ፣ እንየው።

መጀመሪያ ስለ ሠርግ ላውራ። አትሳቁ፣ ይገናኛል!

አንድ ቤት ሠርግ አለ። የቤቱ ሰዎች አራት ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ግን ሦስት መቶ ሰው አለ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ እስክስታው ደርቷል። አጎትየው ሦስተኛ ብርሌ ላይ ናቸው፤ ወንበር ላይ ሊወጡ ነው። ሲነጋ አሥራ ሁለት ብርጭቆ ተሰብሯል። ጎረቤትም አራት ሰው ይኖራል። እዚያ የተሰበረው አንድ ብርጭቆ ነው፤ እሱንም የሰበረችው ድመቷ ናት። አሁን አንድ ቆጣሪ መጣና «ሠርግ ቤት በነፍስ ወከፍ ሦስት ብርጭቆ ይሰበራል፤ ጎረቤት ግን ሩብ ብቻ» ብሎ ጻፈ። ለአራት አካፍሎ! ሦስት መቶውን እንግዳ ረስቶ! አጎትየውን ረስቶ!

ዲሲ የሠርግ ቤት ናት። ነዋሪዋ 700 ሺህ ገደማ ነው። ቀን ለሥራ የሚገባው፣ ቱሪስቱ፣ ማታ ዩ ስትሪት ክትፎ ፍለጋ የሚመጣው ስልኩ ቢሰረቅ የሚቆጠረው በዲሲ ነው። የሚካፈለው ግን ለነዋሪው ብቻ። «ለ100 ሺህ ነዋሪ ስንት ወንጀል» የምትባለዋ ቁጥር የምትወጣው እንዲህ ነው። ሌላው፣ ወንጀል ጥቂት ቦታ ላይ ይከማቻል። በ1989 የወጣ የሚኒያፖሊስ ጥናት ለፖሊስ ከተደወለው ግማሹ የመጣው ከ3 በመቶ ገደማ አድራሻዎች እንደሆነ አሳይቷል። ይኸው ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ እንቀጥል።

አንድ ተመልካች ደግሞ «ታዲያ ዲሲ አታስፈራም ልትለን ነው?» ብሎኛል። ኧረ አልወጣኝም! በ2023 ዲሲ ውስጥ 274 ሰው ተገድሏል። በ2024 ወደ 187 ወረደ፤ አሁንም ብዙ ነው። ሦስት መቶውን እንግዳ ብትቆጥሩም ግድያው ከዳር ከተሞቹ ይበልጣል። ሰው ብርጭቆ አይደለም። ግን አብዛኛው የሚፈጸመው ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ነው፣ ዋርድ 7 እና ዋርድ 8 በሚባሉት የከተማዋ ክፍሎች። ሰሜን ምዕራብ ዲሲ የሚኖረውና ከወንዙ ማዶ ልጅ የምታሳድገው እናት «ዲሲ» ሲሉ የሚያወሩት ስለ ሁለት ከተማ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ መደባለቁ ነው።

አሁን ወደ አክስቴ። ውድብሪጅ ነው የምትኖረው፤ ከዲሲ ወጣ ብላ ቨርጂንያ ውስጥ ያለችው። ዲሲ ስትመጣ መኪናዋ መቆለፉን ሦስቴ ታያለች። ከዚያ ሌሊት ሠርታ፣ ዓይኗ እየተከደነ፣ አይ-95 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛ ቤቷ ትገባለች። ይሄኛው አያስፈራትም! አሜሪካ ውስጥ በ2023 ከ40 ሺህ በላይ ሰው የሞተው በመኪና አደጋ ነው። የተገደለው የዚያ ግማሽ ያህል ነው። በ2013 የወጣ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም አደጋውንም ጥይቱንም አንድ ላይ ደምሮ ነበር። በጣም ገጠር በሆኑት ካውንቲዎች የመሞት ዕድሉ ከትልልቆቹ ከተሞች ከ20 በመቶ በላይ በልጦ ተገኘ። ውድብሪጅ ገጠር አይደለችም፣ አውቃለሁ፤ ኮመንት እንዳትጽፉ። መኪናው ግን ያው መኪና ነው።

አክስቴ፣ ይህን ካየሽ ደውይልኝ። እየነዳሽ ግን እንዳይሆን።