ከኋላ የቆሙት ልጆች፦ የማህበራችን አመታዊ ስብሰባ የመክፈቻ ንግግር

እንኳን ደህና መጣችሁ። እናቶች አባቶች፣ አሰልጣኞች፣ የድሮ ተጫዋቾች፣ ከሀዋሳና ከአዳማ ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። እናንተም ልጆች እንኳን መጣችሁ፣ ከኋላ ቆማችሁ አይቻችኋለሁ፣ ወንበር እስኪመጣ ትንሽ ታገሱን።

ዛሬ ስለ አንድ ጎል ነው ማውራት የምፈልገው። ግንቦት 2014 አበበ ቢቂላ ስታዲየም ብዙዎቻችን ነበርን፣ ከ17 አመት በታች የሴቶች ብሄራዊ ቡድን ልጆቻችን ከናይጄሪያ ጋር የመጨረሻውን የማጣሪያ ዙር ሲጫወቱ ማለቴ ነው፣ ያለፈው ህንድ ለአለም ዋንጫ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ዙር የለም። አጠገቤ የአንዷ ተጫዋች እናት ተቀምጣ ነበር፣ ግማሹን ጨዋታ እሷን ሳይ ነው የዋልኩት ማለት ይቻላል፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ልጇ ኳስ በነካች ቁጥር «በስመአብ» ትላለች፣ ልጇ ኳሱን ስታቀብል ደግሞ ትንፋሿን ትለቃለች። 1 ለ 0 ተሸነፍን። ሰው ወጥቶ ሲያልቅ እሷ አልተነሳችም፣ «መልሱ አለ አይደል?» አለችኝ፣ አለ አልኳት።

የመልሱ ጨዋታ አቡጃ ነበር። እዛ በሰው አገር፣ በሰው ህዝብ ፊት፣ 90 ደቂቃ ሙሉ ጎል አልተቆጠረባቸውም! እኛ እዚህ ስልክ ላይ ተደፍተን ውጤቱን ሪፍሬሽ እያደረግን ነው፣ 0 ለ 0፣ አሁንም 0 ለ 0፣ አንዲት ጎል ብትገባ እኮ ሪጎሬ ነበር፣ አልገባችም። በደርሶ መልስ 1 ለ 0 ተሸንፈን ቀረን።

ያ ናይጄሪያ ጥቅምት 2015 ህንድ ሄዶ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ፣ ሩብ ፍጻሜ ላይ አሜሪካን በፍጹም ቅጣት ምት ጣለ፣ ለ3ኛ ደረጃ ከጀርመን ጋር 3 ለ 3 ወጥቶ እሱንም በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ነሀስ ይዞ ተመለሰ። ከአለም 3ኛ የወጣ ቡድን በ180 ደቂቃ ውስጥ አንድ ጎል ብቻ ነው ልጆቻችን ላይ ያገኘው። ስለዚህ «ሴቶቹ ገና ናቸው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይሄንን ንገሩት፣ እኔ ለሁሉም ሰው ነው የምናገረው፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር።

ደግሞ ያ አንዴ የሆነ ነገር አይደለም። ከ20 አመት በታች ልጆቻችን በዚያው በ2014፣ ጥቅምት መጨረሻ፣ ኡጋንዳ ንጄሩ ላይ የሴካፋን፣ የምስራቅና መካከለኛው አፍሪካን፣ ዋንጫ አንስተዋል፣ በመጨረሻው ጨዋታ አዘጋጇን ኡጋንዳን በሜዳዋ 3 ለ 2 አሸንፈው። እነሱም ለአለም ዋንጫ የመጨረሻው ዙር ደርሰው ጋና መለሰቻቸው። በፈረንጅ ለ2024ቱ የኮሎምቢያ አለም ዋንጫ ደግሞ እንደገና የመጨረሻው ዙር ደረሱ፣ ሞሮኮ መለሰቻቸው። አያችሁ? ሶስት ጊዜ በሩ ላይ ደርሰን ሶስት ጊዜ ከበሩ ተመለስን። እስካሁን አንድም የሴት ቡድናችን የፊፋ አለም ዋንጫ ላይ አልተጫወተም። ሜዳው ላይ ኢትዮጵያዊት ቆማ ያየነው በዳኝነት ነው፣ ሊዲያ ታፈሰ በፈረንጅ ካናዳ 2015 እና ፈረንሳይ 2019 ላይ ዳኛ ሆና፣ እሷን ባየሁ ቁጥር ደስታም ቁጭትም አብረው ነው የሚመጡብኝ።

ጎረቤቶቻችን ግን ገብተዋል። ታንዛኒያ ያኔውኑ ህንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄዳ ፈረንሳይን 2 ለ 1 አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ደርሳለች። ኬንያን ደግሞ እናውቃታለን፣ ግንቦት 2016 አበበ ቢቂላ ላይ 0 ለ 0 ተለያይተን ነበር፣ ከሳምንት በኋላ ናይሮቢ ላይ 3 ለ 0 አሸነፉን፣ ከዛ ብሩንዲን ጥለው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄዱ። በኬንያ እግር ኳስ ታሪክ፣ ወንድም ሴትም፣ አለም ዋንጫ የገባ የመጀመሪያው ቡድን እነዚያ ታዳጊ ሴቶች ናቸው፣ እዛም ሜክሲኮን 2 ለ 1 አሸነፉ። ያን ቀን ከልቤ ነው ያጨበጨብኩላቸው። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ምክንያቱም እኛ ጋር 90 ደቂቃ ተጫውተው ጎል ያላገኙ ልጆች ናቸው።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? እኔ ባለኝ ልምድ፣ ችሎታ አይደለም፣ ወኔም አይደለም። ጨዋታ ነው። ልጆቻችን ለብሄራዊ ቡድን ሲጠሩ በእድሜያቸው የተጫወቱት የነጥብ ጨዋታ በጣም ጥቂት ነው። የኛ ልጅ 12 አመቷ ላይ ከወንዶች ጋር ሰፈር ትጫወታለች፣ 13 ላይ ወንዶቹ «አንቺ ሂጂ» ይሏታል ወይም እናቷ ትከለክላታለች፣ ከዛ እስከ 15፣ 16 ድረስ የምትጫወትበት ቦታ የለም፣ ከዛ አንድ አሰልጣኝ ድንገት ያያትና ካምፕ ትገባለች፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው። ናይጄሪያ ይሄ ከ17 አመት በታች አለም ዋንጫ በፈረንጅ 2008 ኒውዚላንድ ላይ ከተጀመረ ጀምሮ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ላይ ተጫውታለች። የናይጄሪያዋ ልጅ ታላላቆቿ የሄዱበትን መንገድ ነው የምትሄደው፣ የኛዋ መንገዱን ራሷ እየጠረገች ነው የምትሮጠው።

ያቺ የሁለት ሶስት አመት ክፍተት ውስጥ ምን እንደሚሆን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ ግን ጮክ ብለን አንናገረውም። የወር አበባ ነው አንዱ። ልጅቷ ነጭ ቁምጣ ተሰጥቷታል፣ ሞዴስ የላትም፣ አሰልጣኙ ወንድ ነው፣ ምን ብላ ትናገራለች? «ሆዴን አሞኛል» ብላ ትቀራለች፣ በሚቀጥለው ወርም ትቀራለች፣ ሶስተኛው ወር ላይ ስሟ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ አሰልጣኙም «ሰነፍ ናት» ብሎ ያልፋል። አምና ከኳስና ከኮን በፊት ሞዴስ እንግዛ ስል አንዳንድ አባቶች አፍራችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ ነበር፣ ግን ገዛን፣ ዛሬ የያንዳንዱ ቡድን ቦርሳ ውስጥ ከፋሻው ጎን አለ፣ ልጆቹም ሳይጠይቁ ይወስዳሉ። ቁምጣውንም ጥቁር አድርገነዋል።

ሌላው ትምህርት ቤት ነው። ከኛ ልጆች አንዷ፣ ጎበዝ የመሀል ተጫዋች፣ ለውድድር ሄዳ ፈተና አመለጣት፣ ደብዳቤ ይዤ እኔው ራሴ ሄድኩ፣ ስሙን የማልጠራው ትምህርት ቤት «ኳስ ወይ ትምህርት፣ ትምረጥ» አለኝ። ዜሮ ተሰጣት። አባቷ በዛው አስቀሯት፣ በሳቸው አልፈርድም፣ ልጃቸው ክፍል እንዳትደግም ነው የፈሩት። ታኬታዋን ለታናሽ እህቷ ሰጥታ መጣችና ቁጭ ብላ ልምምድ ታይ ነበር፣ አጥሩ ጋ፣ ደብተሯን ታቅፋ። ዘንድሮ ሁለት መምህራን አባሎቻችን ከየትምህርት ቤቱ ጋር አስቀድመው እየተነጋገሩ የጨዋታ ቀን ከፈተና ቀን እንዳይጋጭ ያደርጋሉ፣ ደብዳቤው ከጨዋታው በፊት ነው የሚገባው፣ ልጅቷ ከተቀጣች በኋላ አይደለም።

«ኳስ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ለምትሉኝ ወላጆች፣ ጥያቄያችሁ ልክ ነው፣ ሁሉም ልጅ በኳስ ይኖራል ብዬ አልዋሻችሁም። ግን አጥቂያችን ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ለቢርኪርካራ ክለብ ተጫውታለች፣ ከዛም ዋሽንግተን ሄዳ ለዲሲ ፓወር ክለብ ፈርማለች፣ ያ ሁሉ የኛ ሰው ያለበት ከተማ ማለት ነው። የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን ልጆች በ2016 ማለቂያ ላይ እዚሁ አዲስ አበባ የሴካፋን ማጣሪያ አሸንፈው ሞሮኮ የአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ላይ ተሰልፈዋል። ደሞዝ የሚበሉ ሴቶች ናቸው። እና ደግሞ ይሄ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም፣ ሉሲዎቹ፣ ዋናው የሴቶች ብሄራዊ ቡድናችን፣ መስከረም 1997 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከአፍሪካ 4ኛ ወጥተዋል፣ ለ3ኛ ደረጃ ከጋና ጋር 0 ለ 0 ጨርሰው በሪጎሬ ነው ያመለጣቸው። ያኔ ቡድኑ ገና የጥቂት አመት እድሜ ነበረው!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የከ17 አመት በታች ሴቶች አለም ዋንጫ ድሮ በሁለት አመት አንዴ ነበር፣ 16 ቡድን፣ ለአፍሪካ 3 ቦታ። በፈረንጅ ከ2025 ጀምሮ በየአመቱ ሆኗል፣ 24 ቡድን፣ እስከ 2029 ድረስ አምስቱም ሞሮኮ ነው የሚካሄደው። ሞሮኮ አስተናጋጅ ስለሆነች ያለማጣሪያ ትገባለች፣ ለሌሎቻችን 4 ቦታ አለ። የመጀመሪያውን ናይጄሪያ፣ ካሜሩን፣ አይቮሪኮስትና ዛምቢያ ወሰዱት። የኛ ስም የለም። ግን በሩ በየአመቱ ይከፈታል፣ ድሮ አንዴ ያመለጣት ልጅ እድሜዋ አልፎ ትቀር ነበር፣ አሁን በዚያው እድሜዋ ሁለተኛ እድል ልታገኝ ትችላለች።

እስቲ እድሜውን አብረን እናስላ። በእድሜው ገደብ መሰረት 2029 ሞሮኮ ላይ የምትጫወተው ልጅ በፈረንጅ ከጥር 2012 ወዲህ የተወለደች መሆን አለባት፣ በኛ ከታህሳስ 2004 መጨረሻ ወዲህ ማለት ነው። ዛሬ 13፣ 14 አመቷ ነው። ያቺ «አንቺ ሂጂ» የምትባልበት፣ እናቷ የምትከለክልበት፣ ሆዴን አሞኛል ብላ የምትቀርበት እድሜ ላይ ነች፣ አሁን፣ በዚህ ሳምንት።

ስለዚህ ስራ አስፈጻሚው ለዘንድሮ ያቀረበው እቅድ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከ15 አመት በታች ለሆኑ ልጆች በየቅዳሜው ጨዋታ፣ ዝናብ ካልሆነ በስተቀር ሳይቋረጥ፣ ዳኛ ያለው፣ ውጤት የሚመዘገብበት። ልምምድ አላልኩም፣ ጨዋታ። መሸነፍ የሚለመድበት፣ 1 ለ 0 እየተመራች በመጨረሻው 10 ደቂቃ ምን ማድረግ እንዳለባት ልጅቷ ራሷ የምታውቅበት ጨዋታ። ለዚህ ሜዳ ያስፈልገናል፣ ሚኒባስ ያስፈልገናል፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚመጣ ሰው ያስፈልገናል፣ በተለይ ሴት ሰው፣ እናቶች፣ የድሮ ተጫዋቾች፣ ሜዳው ዳር ቁማችሁ መታየታችሁ ብቻ ስንቱን አባት እንደሚያሳምን አይታችኋል። የትውልድ ማስረጃ የሌላትን ልጅ ደግሞ ከወረዳ አሁኑኑ እናስወጣላት፣ ካምፕ ስትጠራ አይደለም፣ ፓስፖርት በሁለት ሳምንት አይደርስም፣ ይሄንን በደንብ እናውቀዋለን።

መዝገቡ በር ላይ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ስማችሁንና የምትችሉትን ቅዳሜ ጻፉ፣ ወር ሙሉ ባትችሉ አንድ ቀን ጻፉ። ገንዘብ ያዣችን አሁን ሂሳቡን ታቀርባለች፣ ጥያቄ ካላችሁ አታስቀሩት፣ ብሩ የናንተ ነው።

ከዚያ በፊት ግን፣ ወንበሩ መጥቷል መሰለኝ፣ ልጆች፣ እናንተ ከኋላ ያላችሁት፣ ኑ ወደዚህ ወደ ፊት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ቁጭ በሉ፣ ቦርሳችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ ቦታ አለ። ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉላቸው።