ቀይ መብራቱ ሳይጠፋ ንቅንቅ እንዳትሉ

ዋሽንግተን አካባቢ በረዶ ሊጥል ነው ሲባል የሬዲዮ ፕሮግራማችን ስልክ ይጨናነቃል። ደለስና ሬገን ኤርፖርት የሚሠራው ወገናችን ብዙ ነው። እኔም ራምፕ ላይ፣ ማለትም አውሮፕላን ቆሞ በሚጫንበትና በሚራገፍበት ሜዳ፣ አርጅቻለሁ ማለት ይቻላል። የሰሞኑን ጥያቄዎች አሳጥሬ ከነመልሳቸው ጽፌያቸዋለሁ።

ወደ አዲስ አበባ ልንነሳ ስንል አውሮፕላኑ ላይ መጀመሪያ ብርቱካንማ፣ ከዚያ አረንጓዴ ነገር ረጩበት። ምንድን ነው? (ከአሌክሳንድሪያ የደወሉ እናት)

እማማ፣ ብርቱካንማው የሞቀ ግላይኮል (ውሃ በቶሎ እንዳይጋገር የሚያደርግ ፈሳሽ) እና ውሃ ነው፤ የተጋገረውን በረዶ ያወርዳል። አረንጓዴው ወፈር ይላል፤ አዲስ በረዶ ለጊዜው እንዳይይዝ ይከላከላል። ለጊዜው ነው ያልኩት። ሰዓቱ ካለፈ ተመልሰው ይረጫሉ፤ ዘገዩ ብለው አይቆጡ። ደግሞ በውጭ ደረጃ ከተሳፈሩ እጅዎን ከኪስ አውጥተው መደገፊያውን ይያዙ።

ኤርፖርቱ አስፋልት ላይ እንደ መኪና መንገዱ ጨው ለምን አይበትኑም?

ጨው አሉሚኒየም ይበላል። ብዙው አውሮፕላን ደግሞ ባብዛኛው አሉሚኒየም ነው። በምትኩ ፖታሲየም አሲቴትን የመሰሉ በረዶ የሚያቀልጡ ኬሚካሎችና አሸዋ ይጠቀማሉ።

አውሮፕላኑ ገብቶ ሲቆም ብርዱ ስለሚያንገበግበን ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም የጎማ ታኮ ይዘን እንገባለን። አለቃችንም እያየ ዝም ይላል። ችግር አለው? (ራምፕ ላይ የሚሠራ ወጣት)

አለው! በደረቅ አስፋልትም አለው፤ በረዶ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማለሁ፤ በየዓመቱም ደሜ ይፈላል። አንተን አልቆጣም ልጄ፣ ስለጠየቅህ ተባረክ።

የሚዞር ሞተር ፊቱ ያለውን አየር ይስባል። የቦይንግ 737 ሞተር ዝም ብሎ ሲዞር እንኳ ከአፉ 3 ሜትር ያህል ውስጥ ያገኘውን ሰው ሊስብ ይችላል። ፓይለቱ ትንሽ ጋዝ ሲሰጠው ደግሞ ክልሉ ከ4 ሜትር ያልፋል። አንተ 5 ሜትር ላይ ነኝ ብለህ ትቆማለህ። በረዶ ላይ ግን የቆምክበት ቦታና የምታርፍበት ቦታ አንድ አይደለም። አውሮፕላኑም ቢሆን ፍሬን ይዞ መስታወት በመሰለ በረዶ ላይ ሊንሸራተት ይችላል።

እኔ ሰባት ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ ማለትም «አውቃለሁ» ማለት በጀመርኩበት ጊዜ፣ ሁለት ታኮ በሁለት እጄ ይዤ ሮጥኩ። አውሮፕላኑ ላይ ያለው፣ ሞተሩ እየሠራ መሆኑን የሚያስጠነቅቀው ቀይ መብራት ገና ብልጭ ድርግም ይላል። ሦስተኛው እርምጃዬ ላይ እግሬ ከሥሬ ሄደ። በጀርባዬ ተንሸራትቼ የአፍንጫው ጎማ አጠገብ ስቆም ኮፍያዬ ብቻዋን ወደ ሞተሩ ስትንከባለል አየኋት። ሞተሩ ሊቆም ተቃርቦ ስለነበር አፉ ሥር ቀረች። ኮፍያዋ አሁንም አለችኝ። ጓንቴ ውስጥ የነበሩት ጣቶቼ ግን ያን ቀን ቤት እስክገባ ሲንቀጠቀጡ ነበር፤ በብርድ አይደለም።

ስለዚህ ቀይ መብራቱ ይጥፋ። ሞተሩ መቆሙን በዓይንህ እይ። ምልክት ሰጪው እጁን ያንሳልህ። ከዚያ ግባ፤ እየተራመድክ እንጂ እየሮጥክ አይደለም። ታኮውንም እንደ አውቶቡስ ረዳት ጣል አድርገህ አትመለስ። ከሥሩ በረዶ ካለ ጥረግ፣ አሸዋ በትን። ቤልት ሎደር (ሻንጣ መጫኛ ማሽን) እና ታግ (አውሮፕላን የሚገፋ ትራክተር) የምትነዱም ስሙ፦ ከአውሮፕላኑ ራቅ ብላችሁ ሙሉ በሙሉ ቁሙና ፍሬናችሁን ሞክሩ። ከረጩት ፈሳሽ መሬት ላይ የሚንጠባጠበውም እንደ ሳሙና ያዳልጣል።

አለቃህ ዝም ካለ ለድርጅቱ የደህንነት ክፍል በጽሑፍ ንገር። ብርዱ ካስቸገረህ ወፍራም ካልሲ ግዛ።

ታጉ አውሮፕላኑን ሲገፋ ጎማው በረዶ ላይ እየዞረ አቃተው። ፓይለቱ በሞተሩ ወደ ኋላ ቢያግዘን ምናለበት?

ይህ እዚሁ ከተማችን ተሞክሯል። ጥር 13 ቀን 1982 እንደ ፈረንጆች፣ ዛሬ ሬገን በምንለው ኤርፖርት፣ የኤር ፍሎሪዳን አውሮፕላን የሚገፋው ታግ ጎማው ላይ ሰንሰለት ስላልነበረው ተንሸራተተ። ፓይለቶቹ ሞተሩ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ እንዲገፋ አደረጉ። በረዶው ዙሪያውን በነነ እንጂ አውሮፕላኑ ፍንክች አላለም። ሰንሰለት ያለው ሌላ ታግ መጥቶ ገፋው። አውሮፕላኑ የተነሳው ፈሳሹ ከተረጨበት ከ49 ደቂቃ በኋላ ነበር። ክንፉ ላይ በረዶ ነበር፤ የሞተሩም የበረዶ መከላከያ አልተከፈተም። 14ኛው መንገድ ድልድይ ላይ ወድቆ ፖቶማክ ወንዝ ገባ። ድልድዩ ላይ መኪና ውስጥ ከነበሩት 4 ሰዎች ጋር 78 ሰው ሞተ።

የሞቱት ታጉ ስለተንሸራተተ ነው አላልኩም። ግን ያ ቀን ከመጀመሪያው በችኮላ የተሞላ ነበር። ሰንሰለት ያለው ታግ ጥሩና ጠብቁ። ሲገፋም አጠገቡ በእግር የምትሄዱ እጃችሁን ከኪስ!

ሚኒሶታ ክምር በረዶ ላይ ይበራሉ፤ እዚህ በትንሽ ዝናብ ለምን ይሰረዛል?

መሬት ሲነካ የሚጋገረው ዝናብ ከክምር በረዶ ይከፋል። ጠንከር ብሎ ከዘነበ ፈሳሹ እስከ መቼ እንደሚከላከል የሚያሳይ የሰዓት ሠንጠረዥ የለውም። ሰዓት ከሌለ መነሳት የለም።

ተሳፋሪ ነኝ። ክንፉ ላይ በረዶ ካየሁ ልናገር? አላዋቂ እንዳልባል ፈራሁ።

ይበሉ፣ አስተናጋጇን ይጥሩ! በ1989 ካናዳ፣ ድራይደን፣ ተሳፍረው የነበሩ ፓይለቶች ሳይቀሩ በረዶውን አይተው ለካፒቴኑ የነገረው አልነበረም። አውሮፕላኑ እንደተነሳ ወድቆ 24 ሰው ሞተ። ይሉኝታ ለሠርግ ነው።

ጫማ ላይ የሚታሰር ሹል ብረት ልግዛ?

ግዛ። ተርሚናል ስትገባ ግን አውልቀው፤ ልሙጥ ወለል ላይ እሱ ራሱ ይጥልሃል።

ዊልቸር እገፋለሁ። ከአራት ቀን በፊት በረዶ ላይ ወድቄ ጭንቅላቴን መታኝ። አሁን ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ለአለቃዬ አልነገርኩም። ምን ልጠጣ?

እህቴ፣ እኔ የራምፕ ሰው ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ምንም አትጠጪ። አለቃሽ እንዲመዘግበው ንገሪውና ኢመርጀንሲ ሂጂ፤ አንቺ አትንጂ፣ ሰው ይውሰድሽ። ሰኞ አይደለም፣ አሁን። ሬዲዮውን ዝጊና ተነሺ።