ማንም የማያጨበጭብለት ቆጠራ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ደግሞ ነገ በማለዳ ቦት ጫማ አጥልቃችሁ የውሃ ወፎችን ለመቁጠር ጭቃ የምትገቡ በጎ ፈቃደኞች፣ እንደምን አደራችሁ! ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

ስለ ውሃ ወፎች ፍልሰት ሲወራ ሁሌም አንድ ጀግና ወፍ ይጠራል። እኔም ልማዱን አልሰብርም። ጀግናዬ ባር ቴይልድ ጎድዊት ነው፤ ምንቃረ ረጅም፣ እግረ ረጅም የባሕር ዳርቻ ወፍ። በ2022 ከተፈለፈለ ገና አምስት ወር ገደማ የሆነው አንድ ጎድዊት ከአላስካ ተነሥቶ የአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ላይ አረፈ። 11 ቀን ከነሌሊቱ። ቢያንስ 13,560 ኪሎ ሜትር። በመሀል እረፍት የሚባል ነገር የለም። እንደ ዳክዬ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚያርፍ ወፍ አይደለም፤ ደከመኝ ብሎ ፓስፊክ ላይ ቢቀመጥ አለቀለት። ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው ስለሚሄዱ መንገድ የሚያሳይ እናት አባትም የለውም። ይህን ያወቅነው ወፉ በተሸከማት 5 ግራም በምትመዝን የሳተላይት መሣሪያ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ክንፉን ነው። እኔን የሚገርመኝ ሆዱ ነው። ጎድዊት ከመነሣቱ በፊት ጭቃ ላይ ሲበላ ይከርማል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስብ እስኪሆን ይበላል። ከዚያ ጨጓራውና አንጀቱ ይሟሽሻሉ፤ መንገድ ላይ ስለማይበላ ትርፍ ሸክም ናቸው። ስንቁ ካልሞላ ጉዞ የለም። ስንቁ የሚሞላው ደግሞ ባሕሩ ሸሸት ሲል በሚገለጠው ጭቃ ላይ ነው። ለዚህ ነው የፍልሰት ጥናት ከግማሽ በላይ የጭቃ ጥናት ነው የምለው።

ቢጫ ባሕርን ውሰዱ፤ በቻይናና በኮሪያ መካከል ያለውን። ከአላስካና ከሳይቤሪያ ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የሚመላለሱ ወፎች በተለይ ወደ ሰሜን ሲመለሱ ስንቅ የሚሞሉት እዚያ ነው። በ50 ዓመት ውስጥ ከዚህ ጭቃማ ዳርቻ እስከ 65 በመቶ የሚሆነው ጠፍቷል። በአፈር እየተሞላ ወደብ፣ ፋብሪካ፣ እርሻና የዓሣ ማርቢያ ሆነ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ ለዓመታት የተሰበሰበው ቆጠራ አንድ ላይ ሲታይ፣ በፍጥነት እየቀነሱ ያሉት በቢጫ ባሕር ላይ ይበልጥ የሚመኩት ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ የቀነሰው አውስትራሊያ ነው፤ ቀዳዳው ግን በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በጣም የምወደው ነው፣ ቢያሳዝንም። ሬድ ኖት ከሚባሉት ወፎች አንደኛው ወገን የሚፈለፈለው በሩሲያ አርክቲክ፣ ታይሚር ላይ ነው። የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው ሞሪታኒያ፣ ባንክ ዳርጓን የተባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ነው። አርክቲክ እየሞቀ በረዶው ቀድሞ ይቀልጣል፤ ነፍሳቱም ቀድመው ይፈላሉ። ጫጩቶቹ በሚያድጉበት ሰዓት ዋናው ምግብ አልፏል። በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በረዶ ቀድሞ በቀለጠባቸው ዓመታት የተፈለፈሉት ሰውነታቸው አንሶ፣ ምንቃራቸውም አጥሮ ነው የሚያድጉት። ችግሩ የሚፈነዳው ሞሪታኒያ ሲደርሱ ነው። እዚያ ያለው ጥሩ ምግብ፣ ድርብ ዛጎል ያላት ትንሽ የባሕር ፍጥረት፣ ጭቃው ውስጥ ጠለቅ ብላ ተቀብራለች። ምንቃሩ በሚሊ ሜትሮች ያጠረ ወፍ አይደርስባትም። ስለዚህ የባሕር ሣር ሥር እየጎረጎረ ይበላል። በሕይወት የመቆየት ዕድሉም ያንሳል። ባንክ ዳርጓንን የቱንም ያህል ብንጠብቅ ይህን በዚያ ብቻ አንጠግነውም።

ታዲያ ይህን ሁሉ እንዴት ልናውቅ ቻልን? በ1822 ጀርመን ውስጥ አንገቱ ላይ የአፍሪካ ጦር የተሰካበት ሽመላ ተገኘ። ሽመላው ከነጦሩ ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ አለ። ወፎች የብርዱን ወራት ውሃ ሥር፣ ጭቃ ውስጥ ተኝተው ያሳልፋሉ ብለው የሚያምኑ የተማሩ ሰዎች በነበሩበት ዘመን ይህ ትልቅ ወሬ ነበር። በ1899 ደግሞ ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባሉ የዴንማርክ መምህር ጽሑፍ የተቀረጸባቸውን የአሉሚኒየም ቀለበቶች በወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመሩ። ዛሬ ባለ ቀለም ምልክት አለ፣ ሳተላይት አለ፣ የቀኑን ብርሃን እየመዘገበ ወፉ የት እንደዋለ የሚጠቁም አንድ ግራም ገደማ የሚመዝን መሣሪያ አለ።

በዚህ ሁሉ መሀል ግን ፎቶ የማይወጣለት አንድ ሥራ አለ። ቆጠራ። ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዋሪ ይካሄዳል። ከ100 በላይ አገሮች ይሳተፉበታል። ጃንዋሪ የተመረጠው ብዙዎቹ ፍልሰተኞች ተሰብስበው የሚረጉበት ወቅት ስለሆነ ነው።

እውነቱን ልናገር? ለአዲስ መሣሪያ ገንዘብ መጠየቅ ይቀላል። «ለ31ኛ ጊዜ እዚያው ሐይቅ ሄደን እንቆጥራለን» ብላችሁ ማመልከቻ ስታስገቡ ግን ገምጋሚው «አዲሱ ነገር ምንድን ነው?» ይላል። አዲሱ ነገርማ 31ኛ መሆኑ ነው፣ ጌታዬ! የሳተላይት መሣሪያ አንድ ወፍ የት እንደሄደ ይነግረናል። ስንት እንደቀሩ አይነግረንም።

በ1971 ራምሳር በተባለችው የኢራን ከተማ የተፈረመው የረግረጎች ጥበቃ ስምምነትም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። አንድ ረግረግ ከአንድ ዝርያ ወይም ከአንድ የፍልሰት ወገን 1 በመቶውን በመደበኛነት ካስተናገደ፣ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ አለው ለመባል ይበቃል። 1 በመቶ ለማለት ግን ጠቅላላውን ማወቅ ያስፈልጋል። ያለ ቆጣሪ ከየት ይመጣል?

ቁጥር ሥራ ይሠራል፣ ቢዘገይም። ቻይና በ2018 የባሕር ዳርቻን በአፈር መሙላትን በአብዛኛው አገደች። በ2019 የቢጫ ባሕር ዳርቻ አንድ ክፍል የዓለም ቅርስ ሆነ። መዘግየቱን ለማየት ደግሞ የእርሳስ ጥይትን አስቡ። ዳክዬዎች ምግብ እንዲፈጭላቸው ጠጠር ይውጣሉ፤ ከአዳኝ ጥይት የተረፈችውን የእርሳስ ፍሬ ከጠጠር አይለዩም። ጥቂቷ ትገድላለች። አሜሪካ ለውሃ ወፍ አደን በ1991 ከለከለችው። የአውሮፓ ኅብረት በረግረጎች ላይ መከልከል የጀመረው በ2023 ነው። ማስረጃ ከወጣ ሕግ ወዲያው ይከተላል የሚል ካለ ይህችን ይቁጠርልኝ።

ስለ ወፍ ጉንፋን መጠየቃችሁ አይቀርም። ዛሬ የሚዛመተው የኤች5ኤን1 ቫይረስ ዘር መጀመሪያ የተለየው በ1996 ቻይና ውስጥ ከእርባታ ዝይ ነው። አሁን የዱር ወፎችም ያዛምቱታል፤ እነሱም በብዛት ያልቁበታል። ሁለቱንም አብሮ መናገር ነው እንጂ በዱር ወፍ ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ደግ አይደለም። የሞተ ወፍ ካያችሁ በእጃችሁ እንዳትነኩ፤ ለአስተባባሪው ንገሩ።

ወደ ነገው ሥራ ልሂድ። መንጋው ሺህ ሲሞላ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ ብላችሁ አትድከሙ። መጀመሪያ 10 ቁጠሩና 10 ወፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ዓይናችሁ ይልመደው። ከዚያ 100። ከዚያ በዚያ ልክ ከዳር እስከ ዳር እየሸነሸናችሁ ሂዱ። ሰው ትልቅ መንጋ ሲያይ አሳንሶ የመገመት ልማድ አለው፤ ይህን እወቁ። ልትጨርሱ ስትሉ ጭልፊት ብቅ ይልና ሁሉም ግር ብለው ይነሣሉ። አትናደዱ፤ ሲያርፉ እንደገና ከአንድ። ፀሐይ ከከረረች በኋላ ጭቃው ላይ አየሩ ስለሚርገበገብ በቴሌስኮፕ የእግር ቀለበት አይነበብም፤ ማልዳችሁ ውጡ።

ወፍ ካጣችሁ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። ባዶ ቅጽ ማንም አልሄደም ማለት ነው። ዜሮ ግን ሄደን አየን፣ የለም ማለት ነው። ከ20 ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚከፍተው ሰው ሁለቱን የሚለይበት ሌላ መንገድ የለውም።

ቅጹን እዚያው ሙሉ፤ ማታ አስታውሼ እሞላለሁ የሚል ቆጣሪ አላምንም። ባለ ቀለም ምልክት ካያችሁ ከላይ ወደ ታች፣ የትኛው እግር ላይ እንዳለ ጭምር መዝግቡ። ግራና ቀኝ ስትሉ የወፉን ግራና ቀኝ እንጂ የእናንተን አይደለም። አመሰግናለሁ።